ጫጩቶቹ ሲጮሁ

በመንደራችን በሞንቴ ሴኮ ስለ እናቴ ብትጠይቁ ሁሉም የሚነግራችሁ አንድ ነገር ነው፤ ጯሂ ነበረች። ዴኦሊንዳ ባሏን ስትጠራው ሦስት ኮረብታ ማዶ ያለ የሰው ባል "አቤት" ይላል ይሉ ነበር። በዚህ ቀልድ እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ግን ከአንገት በላይ። ያ ሁሉ ጩኸት የሚያርፈው አባቴ ላይ ነበር፤ አባቴን ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ ከማንም አስበልጬ እወደው ነበር።

አባቴ ጃሲንቱ ከመንደራችን በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የነፋስ ወፍጮ ይሠራ ነበር። ወፍጮው የሰኞር ቲቡርሲዩ ነው፤ የእኛ ድካሙ ብቻ ነው። ኮረብታው ላይ በአንድ ወቅት አሥራ አንድ ወፍጮ በተርታ ይዞር ነበር ይባላል። እኔ ነፍስ ሳውቅ የቀሩት ሦስት ነበሩ። የሌሎቹ ክንፋቸው ተነቅሎ፣ ጣሪያቸው ወድቆ፣ ውስጣቸው የፍየል ማደሪያ ሆኖ ነበር።

በእኛ አገር ወፍጮ ይዘፍናል። አራቱን ክንፎች ከጫፍ ጫፍ በሚያያይዘው ገመድ ላይ ጎናቸው የተበሳ የሸክላ ገንቦዎች ይንጠለጠላሉ፤ ክንፉ ሲዞር ነፋሱ በቀዳዳው ይገባና ያስጮኻቸዋል። ትልልቆቹን እናቶች፣ ብርቱካን የሚያህሉትን ትንንሾቹን ደግሞ ጫጩቶች እንላቸው ነበር። እናቶቹ ብቻ ሲያንጎራጉሩ ነፋሱ ደህና ነው፤ እህሉ ይፈጫል፣ ፈጪውም ጋደም ይላል። ጫጩቶቹ መጮህ ሲጀምሩ ግን ነፋሱ ገፍቶ መጥቷል ማለት ነው። ያኔ ፈጪው ፍሬኑን ይዞ፣ ወጥቶ ክንፎቹ ላይ የተወጠረውን ሸራ ካልጠቀለለ ድንጋዩ ይግላል፣ ዱቄቱ ያራል፣ ሲብስ ክንፉ ተገንጥሎ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ የአባቴን ወፍጮ አሳድሶ ለጎብኚ ከፍቶታል። አስጎብኚው፣ ጢሙን ገና በቅጡ ያላበቀለ ልጅ፣ "ፈጪው በእነዚህ ገንቦዎች ተማምኖ ልቡ ሳይሰጋ ይተኛ ነበር" ሲል ሰማሁት። ልጁ አልዋሸም። እኔም በስምንት ዓመቴ ያመንኩት ይህንኑ ነበር፤ ጫጩት ሲጮህ የማይነቃ ፈጪ ይኖራል ብሎ ያሰበ ልጅ በሞንቴ ሴኮ አልነበረም።

ታዲያ አባቴ፣ ነፋሱ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ነፍሶ እንቅልፍ ሲያሸንፈው፣ ይጠራኝና ጆንያዎቹ ላይ ከመጋደሙ በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይለኝ ነበር። "ሜና፣ ጫጩቶቹ ሲጮሁ እግሬን ንኪኝ።" ስሜ ፊሎሜና ነው፤ ሜና የሚለኝ እሱ ነበር። ራሱ የሚነቃ ሰው ለምን እንዲነካ እንደሚፈልግ አይገባኝም ነበር። ብዙ አሰብኩበትና መልሱን ራሴ አገኘሁት፤ ከእናቴ ጩኸት ሊያርቀኝ ብሎ የፈጠረው ሥራ ነው። ስለዚህ እግሩ ሥር በኩራት እቀመጥ ነበር። ጫጩቶቹ አንድ ሁለት ሲሉ ጣቴን ውስጥ እግሩ ላይ አሳርፋለሁ፤ ወዲያው ይነሳና ፀጉሬን በዱቄት እጁ ዳብሶ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። የሁለታችን ምሥጢር ነበር፤ ለእናቴ ምንም ትንፍሽ አልልም።

ሌላም ብዙ ጠባይ ነበረው። ወፍጮ ቤት ሲገባ በብርድም ቢሆን ጫማውን ያወልቅ ነበር። እየሠራ አንድ መዳፉን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፤ ግድግዳውን የሚያባብለው ይመስለኝ ነበር። ከኋላው ስጠራው መልስ አይሰጥም። አሳብ ስለያዘው ነው እል ነበር፤ በኋላ ዞሬ ፊቱ መቆም ለመድኩ። ሰው እህል ይዞ ሲመጣ እናቴ ከየትም ብላ ከተፍ ትላለች፤ ለተጠየቀው ሁሉ የምትመልሰው እሷ ናት። "ሰውዬውን እኮ አፉን አታስከፍተውም" ይሏት ነበር የመንደሩ ልብስ ማጠቢያ ገንዳ ላይ ያሉት ሴቶች። እኔም በልቤ እውነታቸውን ነው እል ነበር።

ይህ ሁሉ የጀመረው አምስት ዓመቴ ላይ ነው። ያን ክረምት አባቴን ብርቱ ትኩሳት ይዞት ስለነበር እኔን ወደ አክስቴ ቤት ላኩኝ። በወሩ ስመለስ አባቴ ከስቶ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ትጮህ ነበር። ተጣልተው ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ በእሱ ብቻ ሳይሆን በእኔም፣ በአህያውም፣ በጎረቤቱም ላይ ትጮህ ጀመር። ሁልጊዜ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ዓይን ለዓይን ገጥማ፣ አፏን በሰፊው ከፍታ ነበር የምትናገረው። ያኔ ድፍረት ይመስለኝ ነበር።

ስምንት ዓመቴ ላይ፣ ነገሩ የሆነበት የመስከረም ሳምንት ሲጀምር ሰኞር ቲቡርሲዩ ቤታችን መጣ። እናቴ የበቆሎ ዳቦና ወይራ አቀረበችለት፤ እሱም እየበላ ታች መንገዱ ዳር የሞተር ወፍጮ እንደተከፈተ፣ ሰዉ ሁሉ ወደዚያ እንደሚነጉድ አወራ። "ጃሲንቱ ጥሩ ፈጪ ስለሆነ ነው እንጂ ድንጋዮቹን አውርጄ እሸጣቸው ነበር" አለ። አንድ ጥፋት፣ አንድ የተቃጠለ ዱቄት ብሰማ ግን ያኔ በቃ ነው አለ። አባቴ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። መልሱን የሰጠችው እናቴ ነበረች።

ሰውዬው ሲወጣ እናቴ በሩን ዘጋችና አባቴ ፊት ቆመች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

"አንድ ቀን እዚያ ውስጥ ትሞታለህ" አለችው። "ሰማኸኝ ወይ? ትሞታለህ። እኔ ከእንግዲህ አልችልም።"

"በቆሎው እስኪገባ ነው" አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

"በቆሎው እስኪገባ፣ ወይራው እስኪለቀም። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትለኝ ነው።" ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ተቀመጠች። እኔ ግን የያዝኩት አንድ ቃል ነበር፤ ትሞታለህ።

በማግስቱ ገንዳው ዘንድ እትዬ ጄኖቬቫ ወሬ ይዛ መጣች። እትዬ ጄኖቬቫ ወሬ ሳትይዝ ልብስ አታጥብም። ከወንዙ ማዶ አንዲት ሴት ባሏን ተኝቶ ሳለ በማጭድ እንደመታችው፣ ሰውዬው ሐኪም ቤት ሳይደርስ እንደሞተ እየማለች ነገረችን። ሴቶቹ ተማተቡ። ከዚያ ወደ እኔ አየት አደረገችና "የአንዳንዷ ምላስ ደግሞ ከማጭዱ ይብሳል" አለች። ሳቁ። እኔ እርጥቡን ልብስ እንደታቀፍኩ ቆምኩ። ያን ቀን ማታ ማጭዳችንን ከተሰቀለበት አውርጄ እንጨት ክምሩ ሥር ደበቅሁት። ጠዋት እናቴ ፈልጋ አገኘችው። በቆሎ ልታጭድ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ነፋሱ ሁለተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። አባቴ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጉንጩ ገብቶ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ዳቦውንና አንድ ሳርዲን በላ፤ እህል ማፍሰሻውን በበቆሎ ሞላው፤ መዳፉን ግድግዳው ላይ አድርጎ ጥቂት ቆየና ጆንያዎቹ ላይ ተጋደመ። "ሜና፣ ጫጩቶቹ ሲጮሁ።" "እሺ አባዬ" አልኩት፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

በሩ ላይ ተቀመጥኩ። እናቶቹ በጥሩ ድምፅ ያንጎራጉራሉ። ታች ማሳው ውስጥ የእናቴ ጥቁር ሻሽ ከበቆሎው መሀል ብቅ ጥልቅ ይላል። ከባሕሩ በኩል የመጣ ደመና ቁልቁል ወደ እኛ ሲያዘነብል አየሁ። ከዚያ አንዷ ጫጩት ጮኸች። ሁለተኛዋ ተከተለቻት። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም በአንድ አፍ ጮሁ። እግሩን ልነካ ብድግ አልኩ።

ያኔ ነው እናቴን ያየኋት። ማሳውን ለቅቃ ዳገቱን እየሮጠች ትወጣለች። ሻሿ ወድቋል። የአባቴን ስም ትጠራለች፤ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትጮኻለች። በእጇ ማጭድ ይዛለች።

ዛሬ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ጫጩቶቹን ከታች ሰምታ፣ ክንፎቹ ሳይረግቡ እየፈጠኑ መሄዳቸውን አይታ፣ የሸራውን ገመድ የምትቆርጥበት ስለት በእጇ ስላለ ይዛው ሮጠች ብዬ እመልሳለሁ። ያን ቀን ግን ያየሁት የእትዬ ጄኖቬቫን ሴትዮ ነው። ባሏ ተኝቷል፤ ማጭድ ይዛለች፤ ትሞታለህ ብላዋለች።

እግሩን አልነካሁም። ከነቃ ይወጣል፤ ከወጣ ታገኘዋለች ብዬ ነው። በሩን ገፍቼ ዘጋሁት። ከውስጥ በኩል ወፍራም የኦክ መወርወሪያ ነበረው፤ እንኳን እኔ እናቴም በሁለት እጇ ነበር የምታነሳው። እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም። ቦታው ገብቶ ቀጭ ሲል ተንፈስ አልኩ።

በሩን በጡጫ መታችው። "ክፈቺ ሜና። አባትሽን ቀስቅሺው።" ድንጋዩ እየጮኸ፣ ጫጩቶቹ እየጮሁ፣ ድምፅዋ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ነበር የሚሰማኝ። አልከፍትም አልኩ በልቤ። ጀርባዬን በሩ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። በማጭዱ እጀታ ደጋግማ መታች፤ እንጨቱ ጀርባዬን ነዘረኝ። አባቴ አልተነሳም። ፈርቶ የተኛ መስሎ ነው አልኩ፤ አዘንኩለትም።

ከዚያ ምቱ ቆመ። ሄደች። አባቴን ያዳንኩ እኔ ነኝ ብዬ ልቤ ዘለለ። ልነግረው ሄጄ ጆሮው ሥር ተንበረከክሁ። "አባዬ፣ ሄዳለች።" ዝም አለ። "አባዬ፣ ተነስ፣ የለችም።" አፉ ትንሽ ተከፍቶ፣ ደረቱ በዝግታ ከፍ ዝቅ ይላል። ጫጩቶቹ ጥርሴን እስኪያመኝ ይጮሃሉ፤ ወለሉ ከሥሬ ይንቀጠቀጣል። እጆቼን አፌ ላይ አድርጌ በሙሉ ኃይሌ ጆሮው ውስጥ ጮህኩ። የዓይኑ ሽፋን እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። ልጆቼን ስወልድ፣ እሱን ስቀብር፣ በኋላ እሷንም ስቀብር እንደዚያ አልደነገጥኩም። እንዲህ ያለ ጩኸት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰላማዊ ፊት ሊኖር አይችልም። ይህ ሰው አባቴ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው የሚል ነገር መጣብኝና ወደ ኋላዬ ሸሸሁ።

እህል ማፍሰሻው ባዶ ሆነ። ድንጋይ ድንጋይን ነካ። ከመሀላቸው ብልጭታ ወጣ፤ የተቃጠለ በቆሎ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ሌላ የማውቀው ነገር ስለሌለ የማውቀውን አደረግሁ፤ ጣቴን ውስጥ እግሩ ላይ አሳረፍሁ።

ወዲያው ዓይኑን ከፈተ።

ብልጭታውን አየ። በአንድ ዝላይ ፍሬኑ ገመድ ላይ ተንጠለጠለ፤ እንጨቱ ጨሰ፣ ድንጋዩ ግን አልቆም አለ። ወደ እኔ ዞሮ "ለምን አልነካሽኝም?" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ግራ ተጋብቶ ነበር። በዚያው ቅጽበት ከውጭ፣ ከክንፎቹ በኩል፣ ከባድ ነገር በከባድ ነገር ሲመታ ሰማሁ፤ የሰው ድምፅም ነበረበት። ወፍጮው በሙሉ ተናጋ። አባቴ ወደ ድምፁ አልዞረም። ወደ ታች፣ ወደ ገዛ ባዶ እግሩ ነበር ያየው። "ምንድን ነው?" አለኝ። "እማዬ" አልኩት፤ አፌን ትኩር ብሎ ያይ ነበር።

ቀስ በቀስ ድንጋዩ ረገበ፤ ቆመ። ፍሬኑ የያዘው የአባቴ ጉልበት በልጦ አልነበረም። እናቴ በሩ አልከፈት ሲላት ዞራ ከሚሽከረከሩት ክንፎች ሥር ገብታ፣ ባለፉ ቁጥር እየመታች የሁለቱን ሸራ ገመድ ቆርጣ ስለጣለችው ነው። ሦስተኛውን ስትቆርጥ የክንፉ ግንድ አገኛት።

መወርወሪያውን አባቴ አነሳ። ስንወጣ የተቆረጡት ሸራዎች በነፋሱ ይራገፋሉ። እናቴ ሣሩ ላይ በጀርባዋ ወድቃ፣ ቀኝ እጇ ከትከሻዋ እጅ በማይዞርበት አቅጣጫ ዞሮ ነበር። ማጭዱን ግን አልለቀቀችውም። አባቴ ተንበርክኮ ራሷን ታቀፈ። "በሩን ማን ቆለፈው?" አላት።

በትከሻው ላይ አሻግራ እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ በደህናው እጇ አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ፊቷ አዞረችው። "ነፋሱ ነው" ብላ ጮኸችበት። "በሩን ሲወረውረው መወርወሪያው ወደቀ።" አፏን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ አህያውን ሊያመጣ ተነሳ።

አራት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶን የአህያውን ጭነት ይፈታ ነበር። አባቴ የሚሰማኝ መስሎኝ፣ ይስማም ብዬ ተናገርኩት። "እማዬ፣ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ልትገድይው መስሎኝ ነው።"

አባቴ ገመዱን ይፈታል። አልዞረም።

እናቴ መጀመሪያ የሱን ጀርባ፣ ቀጥላ እኔን አየች። ፊቷ ከዱቄት የነጣ ነበር። "አይሰማም" አለችኝ፤ ትንፋሽ ስላልነበራት ቃሉ ከአፏ አልወጣም ማለት ይቻላል። "ከታመመ ወዲህ አይሰማም። ፊቱ ቆሜ፣ አፌን እያየ ካልጮህኩበት ምንም። ለማንም እንዳትናገሪ፤ ወፍጮውን ይነጥቁናል።"

ሦስት ዓመት። ከኋላው የዘመርኩለት መዝሙር፣ በትምህርት ቤት ያገኘሁትን ምስጋና በጨለማ ያወራሁለት፣ አባዬ እወድሃለሁ ብዬ ለጀርባው የነገርኩት፣ ሁሉም አልደረሰውም ነበር። ጆሮው እኔ ነበርኩ። ጆሮው ሆኜ ሳለ በሩን ዘግቼበት እናቴን ከክንፉ ሥር አስገባኋት።

የእናቴ ቀኝ እጅ ከዚያ ወዲህ ከጡቷ በላይ ወጥቶ አያውቅም። ፀጉሯን የማበጥርላት እኔ ሆንኩ። ሰኞር ቲቡርሲዩ የተቆረጠውን ሸራ አይቶ ሲጠይቅ፣ ከባሌ ተጣልቼ በንዴት የቆረጥኩት እኔ ነኝ አለችው፤ መንደሩም ወዲያው አመነ። የእሷን ጠባይ ማን ያጣዋል? በሁላችንም ላይ ለምን ትጮህ እንደነበርም የገባኝ ያኔ ነው። በእሱ ብቻ ብትጮህ ሰው ይነቃባት ነበር። ወፍጮው ሌላ ስድስት ዓመት ዞረ፤ አንድም ዱቄት አላረረም፤ ምክንያቱም ከዚያ ቀን ወዲህ የአባቴን እግር ለቅቄ ሄጄ አላውቅም። ከዚያ የሞተሩ ወፍጮ አሸነፈና ድንጋዮቹ ተሸጡ። ያኔ ምሥጢሩን ማውጣት ይቻል ነበር፤ ለሰው ግን ወሬው ያረጀ፣ ለእኛ ደግሞ ዝምታው የተለመደ ሆኖ ነበር።

አባቴ ሲሞት አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቀብሩ ላይ እትዬ ጄኖቬቫ በምርኩዟ ተደግፋ መጣችና ለሴቶቹ "ምስኪን ጃሲንቱ፣ ጆሮው ዛሬ ገና አረፈ" አለቻቸው። ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እናቴም ፈገግ አለች። እኔ ሴትዮዋን ምርኩዟን ቀምቼ ብመታት ደስ ባለኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ባዶ ሲሆን እናቴን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ እንደ ሁልጊዜው ፀጉሯን ፈታሁላት። ሠላሳ አራት ዓመት ይዤው የኖርኩትን ጠየቅኋት። "ለሰው አለመናገርሽ ይገባኛል። ለእሱ ግን እውነቱን ለምን አልነገርሽውም?"

ሣር ላይ ወድቃ ያየችኝን አስተያየት በመስኮቱ መስታወት ውስጥ አየሁት።

"በየዓመቱ በቆሎ ሲታጨድ ይጠይቀኝ ነበር" አለች። "መወርወሪያ በነፋስ እንደማይወድቅ አጥቶት ነው? ማን እንደዘጋው ብነግረው ለምን እንደዘጋሽውም ልነግረው ነው። ልጁ እናቷን ነፍሰ ገዳይ አድርጋ እንዳየቻት፣ ያንንም ያመጣው የሱ አለመስማት እንደሆነ። ለእሱ ደግሞ ካልጮህኩ አይሰማም።" በደህናው እጇ ጉልበቷን ዳበሰች። "እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ተጮሆ ይነገራል፣ ሜና?"

እጄ ማበጠሪያውን እንደያዘ ቆመ። ሜና ብላኝ አታውቅም ነበር፤ ከዚያ ከተዘጋው በር ውጭ ሆና ከጠራችኝ ቀን በቀር። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ለስላሳ ነበር። ቤቱ ውስጥ የሚጮህባት ስለሌለ አልጮኸችም። አርባ ሁለት ዓመት አብሬያት ኖሬ የእናቴን ድምፅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።